«ማን ገለጸው?»፦ ከምርጫ 97 በኋላ ወደ ተራው የቴሌቪዥን ፕሮግራም መመለስ

የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ታሪክ ሲወሳ ብዙውን ጊዜ የሚነገረው ስለ አሰራጩ ነው። በ1957 ዓ.ም. ሥራ መጀመሩ፣ ከጥቁርና ነጭ ወደ ቀለም መሸጋገሩ ይጠቀሳል። ተመልካቹ በየቤቱ ተቀምጦ ለሚያየው ነገር ምን መልስ ይሰጥ እንደ ነበር ግን እምብዛም አልተመዘገበም። ሥነ ቃልን ለምናጠና ሰዎች ይህ ቀላል ጉድለት አይደለም። በዚህ አጭር ጽሑፍ የግንቦት 7 ቀን 1997 ዓ.ም. ምርጫ ካለፈ በኋላ ሰው ወደ ተራው ፕሮግራም የተመለሰበትን ሁኔታ፣ ራሴ ከታደምሁበት አንድ ሳሎን ተነሥቼ አወሳለሁ።

ከምርጫው በፊት በነበሩት ወራት ገዥው ፓርቲና ተቃዋሚዎቹ ያደረጓቸው ክርክሮች በቴሌቪዥንና በሬዲዮ በቀጥታ ተላልፈዋል። የግል ቴሌቪዥን ጣቢያ ገና አልነበረም፤ ስለዚህ ዲሽ የሌለው ሁሉ የሚያየው አንድ ነገር ነበር። ተከራይቼ የምኖርበት ግቢ ባለቤት እማማ ቴሌቪዥን ስለ ነበራቸው ጎረቤቱ ሁሉ እሳቸው ዘንድ ይሰበሰባል። ርእሰ ጉዳዩ መሬትን የመሰለ የፖሊሲ ጥያቄ ይሁን እንጂ በዚያ ሳሎን የሚዳኘው በሙግት ወግ ነበር። እማማ በልጅነታቸው አባታቸው ዳኛ ፊት ቆመው ሲሟገቱ አይተዋል፤ በላ ልበልሃ ለእሳቸው የመጽሐፍ ወሬ አይደለም። ከተከራካሪዎቹ አንዱ ነገሩን ባድበሰበሰ ቁጥር «ተጠየቅ እንጂ! ምነው ሸሸህ?» ይሉታል። ታዳሚው ይስቃል፤ ሰውየው ግን በእርግጥ ሸሽቶ እንደ ሆነ ወዲያው ክርክር ይነሣል።

በምርጫው ዕለት ማታ ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ በቴሌቪዥን ቀርበው በአዲስ አበባና በአካባቢዋ ለአንድ ወር ሰልፍ መከልከሉን አስታወቁ። ከዚያ በኋላ የነበሩት ምሽቶች የተለመደው ዜና ምሽቶች ሆኑ። እንግዲህ ትኩረቴን የሳበው እዚህ ላይ ነው። የዜናው አማርኛ አድራጊውን የሚሰውር ነው፤ «ተገለጸ»፣ «ተጠቆመ»፣ «ተመለከተ» ይላል። ይህ አነጋገር ከክርክሩ በፊትም ነበረ፤ ማንም ልብ አይለውም ነበር። አሁን ግን ዜና አንባቢው «ተገለጸ» ሲል እማማ «ማን ገለጸው?» ብለው ይጠይቃሉ። እኔ የሰዋስው ተማሪ ሆኜ ያላስተዋልሁትን ተገብሮ ግሥ እሳቸው ፊደል ሳይቆጥሩ ያዙት። ፕሮግራሙ ወደ ቀድሞው ተመልሷል፤ ጆሮው ግን የሙግት ጆሮ ሆኖ ቀርቷል።

እግር ኳሱም ከዚህ አላመለጠም። ግንቦት 17 ቀን ሊቨርፑልና ኤሲ ሚላን ኢስታንቡል ላይ ለዋንጫ ሲገናኙ ከሰፈራችን ቪዲዮ ቤት ነበርሁ። ሚላን 3 ለ 0 እየመራ ለእረፍት ወጣ። ከኋላ አንዱ ወጣት «ቆዩ እንጂ፣ ገና ኮሮጆው አልተቆጠረም» አለ። ሊቨርፑል 3 ለ 3 ወጥቶ በፍጹም ቅጣት ምት ሲያሸንፍ ቤቱ ውስጥ የተሰማው ጩኸት የኳስ ብቻ አልነበረም። (ይህን የምለው የሚላን ደጋፊ ሆኜ ነው።)

ይህን ሁሉ የምጠቅሰው ከትዝታ ነው። በዚያው ሰሞን ለመመረቂያ ጽሑፌ የለቅሶ ግጥም ልሰበስብ መቅረጸ ድምፅ ተሸክሜ ወደ ገጠር እመላለስ ነበር፤ ተመልሼ ስመጣ መሣሪያውን ከአልጋዬ ሥር አስቀምጬ ወደ ሳሎኑ እገባለሁ። አንድም ምሽት አልቀዳሁም። ክዋኔ ማለት ከከተማ ርቆ የሚገኝ ነገር ነው ብዬ አምን ነበርና።

ሰኔ 1 ቀን በአዲስ አበባ በጸጥታ ኃይሎች ጥይት ሰዎች ተገደሉ። የሰኔውንና የ1998 ዓ.ም. ጥቅምቱን ግጭት የመረመረው አጣሪ ኮሚሽን የ193 ሲቪሎችን ሞት መዝግቧል። እማማ በዚያ ሳምንት ቴሌቪዥኑን ዳንቴል አለበሱት፤ ጎረቤቱም መምጣቱን ተወ። ክረምቱ ሲገባ አንድ እሑድ ለድራማ ተብሎ ዳንቴሉ ተነሣ። ድራማው አልቆ ዜና ሲጀምር «ድምፁን ቀንስልኝ ልጄ» አሉኝ። ዜና አንባቢው ከንፈሩን ሲያንቀሳቅስ እያዩ ቡናቸውን ጠጡ።