የስንዴው ደመወዝና የካቡ ዕድሜ፤ በምዕራብ ደቡብ ወሎ ደጋ ስለ ተደረገው የእርሻ ርዳታ

ከደሴ ተነሥቶ በአቀስታ በኩል ወደ መካነ ሰላም የሚሄድ ሰው በተራራው ጎን ላይ በተርታ የተካበ ድንጋይ ያያል። አንዳንዱ ካብ አፈሩን እንደ ያዘ ቆሟል፤ አንዳንዱ ፈርሶ ጎርፍ ወርዶበታል። ካቡን የሠራው የዚያው አገር ገበሬ ነው፤ ያሠራው ግን መንግሥት ነው፤ ደመወዙም ብዙውን ጊዜ ስንዴ ነበር። ይህ ጽሑፍ የሚመረምረው ያ ስንዴ ምን እንደ ገዛና ምን ሳይገዛ እንደ ቀረ ነው።

ከ1966 ዓ.ም. በፊት ስለ ነበረው ርዳታ ረጅም ነገር መጻፍ አያስፈልግም። በ1960 ዓ.ም. በአርሲ የጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅት ተቋቋመ፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላም የእርሻ ሚኒስቴር ሚኒመም ፓኬጅ የተባለውን ፕሮግራም ጀመረ። ይህ ፕሮግራም ማዳበሪያና የተመረጠ ዘር በብድር የሚያድለው ክረምት ከበጋ መኪና በሚያስኬድ መንገድ ግራና ቀኝ ለሚኖረው ገበሬ ነበር። በዓባይና በበሽሎ ገደሎች መካከል ያለው የቦረናና የሳይንት ደጋ እንዲህ ካለው መንገድ የራቀ ነበር። ማዳበሪያ ገደል አይወጣም ይባል ይሆናል፤ ግብሩ ግን በዚያው ገደል ይወርድ ነበር።

በ1965ና በ1966 ዓ.ም. ወሎን የመታው ረኃብ ነገሩን ለወጠው። በ1966 ዓ.ም. የርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን ተቋቋመ። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 31 የገጠርን መሬት የሕዝብ ሀብት አደረገው፤ ጭሰኝነትንም ሻረ፤ ቢያንስ 800 ሄክታር በሚሸፍን ቦታ ሁሉ የገበሬ ማኅበር እንዲቋቋም አዘዘ። እንግዲህ መንግሥት በአንድ በኩል የሚሰፍረው የርዳታ እህል፣ በሌላ በኩል ሰውን በአንድ ቀን ለሥራ የሚያወጣ ማኅበር አገኘ። የምግብ ለሥራ ዘመቻ የተነሣው ከእነዚህ ከሁለቱ ጋብቻ ነው። ከዓለም የምግብ ፕሮግራም የሚመጣው እህል በ1970ዎቹ ዓመታት ዋናው የአፈር ጥበቃ ገንዘብ ሆነ። ከ1968 እስከ 1982 ዓ.ም. ባለው ጊዜ በአገሪቱ ወደ 71,000 ሄክታር የሚጠጋ የእርሻ መሬት በእርከን እንደ ተሠራ፣ በተራራ ጎን የተሠራውም 233,000 ሄክታር ያህል እንደ ሆነ ተመዝግቧል።

ደመወዙ በቀን 3 ኪሎ ስንዴና 120 ግራም ዘይት ነበር። እንደ ደንብ በተያዘው ስሌት መሠረት 1 ኪሎ ሜትር የድንጋይ ካብ 250 የሥራ ቀን ይፈጃል። ስለዚህ የ1 ኪሎ ሜትር ካብ ዋጋ 7 ኩንታል ተኩል ስንዴና 30 ኪሎ ዘይት ነው ማለት ነው። ሒሳቡ ለቢሮ እጅግ ይመቻል፤ ኪሎ ሜትሩ ይለካል፣ ቀኑ ይቈጠራል፣ ስንዴው ይሰፈራል፣ ሪፖርቱ ይጻፋል። ነገር ግን በሪፖርቱ ላይ የሚያምረው አዲስ የተሠራው ነው። በክረምት የተናደውን አሮጌ ካብ ደግፎ ያቆመ ገበሬ ቁጥሩን ከፍ አያደርገውም።

የገበሬውም ሒሳብ ሌላ ነው። ካቡ ከጠባቡ ማሳ ላይ ቦታ ይወስዳል፤ በተቀራረበ እርከን መካከል ጥንድ በሬ ለማዞር ያስቸግራል፤ በድንጋዩ ውስጥም አይጥ ይራባል። ይህን ቅሬታ ስንፍና ብሎ ማለፍ ተገቢ አይመስለኝም። እ.ኤ.አ. በ1981 የእርሻ ሚኒስቴርና በስዊስ አገር የሚገኘው የበርን ዩኒቨርሲቲ የአፈር ጥበቃ ምርምር ጀምረው የመጀመሪያውን ጣቢያ ያቆሙት በዚሁ በወሎ፣ ከደሴ ብዙም በማይርቀው በማይባር ነው። ማይባር ከቦረና በስተ ምሥራቅ ነው፤ ይሁን እንጂ ሁለቱም በበሬ የሚታረስ ቀጥ ያለ ደጋ ናቸው። በማይባርና በሌሎች ጣቢያዎች ለዓመታት የተደረገው ልኬት እርከኑ የሚታጠበውን አፈር በእርግጥ እንደሚቀንስ አሳየ፤ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ግን ምርቱ እምብዛም አይጨምርም። ስለዚህ ገበሬው ዛሬ የሚከፍለውን ቦታ ጥቅም የሚያየው ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። ከብዙ ዓመት በኋላ ማሳው የእሱ መሆኑን ካላመነ ስለ ምን ይጠብቀዋል? በደርግ ዘመን ደግሞ የገበሬ ማኅበሩ መሬትን ደጋግሞ ያከፋፍል ስለ ነበር ማንም እርግጠኛ አልነበረም።

የዚህ ውጤት የታየው መንግሥቱ ሲደክም ነው። በየካቲት 1982 ዓ.ም. ቅይጥ ኢኮኖሚ ከታወጀ በኋላ፣ በተለይም በ1983 ዓ.ም. በተደረገው የመንግሥት ለውጥ ጊዜ፣ በብዙ ቦታ የተከለለው ተራራ ለከብት ተከፈተ፤ ዛፉ ተቈረጠ፤ እርከኑም ፈረሰ። የራስወርቅ አድማሴ እ.ኤ.አ. በ2000 ስለዚህ ሥራ ባሳተሙት የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ርእስ ሃያው ዓመት ወደየትም እንዳላደረሰ ተናግረዋል። ፍርዱ ጠንከር ያለ ነው፤ እስከ ዛሬ የቆመ ካብ አለና።

ከዚያ ወዲህ የመጣው ጉዳይ በሁለት መንገድ ሄዷል። በአንዱ መንገድ የአማራ ክልል በ1989 ዓ.ም. ብዙ ቅሬታ ያስነሣ የመሬት ሽግሽግ ካደረገ በኋላ፣ በ1990ዎቹ አጋማሽ ለገበሬው የይዞታ ደብተር ማደል ጀመረ፤ በ1998 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 133ም መሬቱን የመንከባከቡን ግዴታ በባለ ይዞታው ላይ ጣለ። በሌላው መንገድ በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው ሴፍቲኔት በደቡብ ወሎ ብዙ ወረዳዎች አሮጌውን የቀን ሒሳብ መልሶ አመጣው፤ ያን ጊዜ የቀኑ ዋጋ 6 ብር ወይም 3 ኪሎ እህል ነበር። ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ በየበጋው ያለ ክፍያ የሚሠራ የተፋሰስ ዘመቻ ታከለበት። እንዲህ ሲሆን ደብተሩ ለገበሬው «ካቡ የአንተ ነው» ይለዋል፤ የቀን ደመወዙ ግን ካቡ የከፋዩ እንደ ሆነ ያስመስላል። ለሴፍቲኔቱ ገንዘብ ከሚሰጡት አንዱ የነበረው የአሜሪካ የልማት ተራድኦ ድርጅት በ2017 ዓ.ም. ተዘግቷል፤ ስለዚህ የከፋዩ ነገር ከዱሮው ይልቅ አሳሳቢ ሆኗል።

ይህን ጉዳይ ለሚከታተሉ የኮሌጃችን ተማሪዎች አንድ ሥራ ይቀራል። በወሎ ደጋ በደርግ ዘመን በስንዴ የተሠራ፣ በሴፍቲኔት የተሠራና በዘመቻ ያለ ክፍያ የተሠራ ካብ አለ። በመካነ ሰላም ዙሪያ ባሉ ቀበሌዎች የትኛው በማን መሬት ላይ እንደሚገኝ መዝግቦ፣ ከሦስት ክረምት በኋላ የቆመውን ብቻ ቢቈጥሩ፣ ባለ ማሳዎቹንም ማን እንዳደሰው ቢጠይቁ፣ ከቢሮው የኪሎ ሜትር ዝርዝር የተለየ መዝገብ ይገኛል።