የካርል ሰልፍና የሰባት ዶላሩ ቀሚስ

ኖቬምበር 12 ቀን 2004 ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፤ እየቀነሳችሁ አንብቡ)። በስቶክሆልም፣ በፓሪስ፣ በለንደንና በኒውዮርክ የኤች ኤንድ ኤም ሱቆች በር ላይ ሰው ተሰልፏል። የሚጠበቀው ካርል ላገርፌልድ የነደፋቸው ወደ ሠላሳ የሚጠጉ ልብሶች ናቸው። ላገርፌልድን ታውቁታላችሁ፤ ነጭ ፀጉሩን ወደ ኋላ የሚያስረው፣ ጥቁር መነጽሩ ከዓይኑ የማይለየው ሰውዬ፣ ከ1983 ጀምሮ የሻኔል ቤት ዋና ዲዛይነር። በሻኔል ጃኬት ዋጋ ሰው መኪና ይገዛል። በዚያን ቀን ግን የዚሁ ሰው ስም ያለበት ሸሚዝ ተማሪ በኪስ ገንዘቧ ልትገዛው በምትችለው ዋጋ ተሰቅሏል። በሩ ተከፈተ፤ በትልልቆቹ ከተሞች ልብሱ በሰዓታት ውስጥ አለቀ። የደረሳት ደረሳት፣ ያልደረሳት ባዶ መስቀያ አይታ ተመለሰች።

ካርል በኋላ ተቆጣ። ለምን እንዲህ ጥቂት ብቻ ተመረተ፣ ለምንስ በትልልቅ ቁጥር ተሰፋ ብሎ ነበር ቅሬታው። የመጀመሪያው ቅሬታ ይገባኛል። ሁለተኛው ግን ሰውየው ስለ ሴት ገላ የነበረውን አመለካከት ከማሳየት ሌላ ምንም አልፈየደም።

የፋሽን መጽሔቶች ይህችን ቀን «ፋሽን ለሁሉም የሆነበት ቀን» እያሉ ሲጽፉላት ኖረዋል። እኔ ግን ነገሩን ወደ ኋላ እየሄድኩ ሳነብ አንድ ጥያቄ አልለቀኝ አለ። ታላላቅ ዲዛይነሮች ለተራዋ ሴት ልብስ የሠሩት ያን ጊዜ የመጀመሪያቸው ነው እንዴ? አይደለም። እንዲያውም ከዚያ በፊት የተሠራው ሳይሻል አይቀርም።

በመጀመሪያ ግን ቅጣት የበላውን ሰው እናንሳ። ሃልስተን ይባላል። በ1961 ዣክሊን ኬኔዲ በባሏ ቃለ መሐላ ቀን የደፋችውን ክብ ባርኔጣ የሠራ፣ በሰባዎቹ የኒውዮርክ ሀብታም ሴቶች ሁሉ ደጅ የሚጠኑት ዲዛይነር ነበር። በ1983 ከጄ ሲ ፔኒ ጋር ተዋዋለ። ጄ ሲ ፔኒ ማለት የአሜሪካ ተራ ቤተሰብ ብርድ ልብስ፣ የልጅ ካልሲና መጋረጃ የሚገዛበት ሱቅ ነው። የሃልስተን ሐሳብ መላ አሜሪካን አለብሳለሁ የሚል ነበር። ወዲያው በርግዶርፍ ጉድማን የተባለው የኒውዮርክ የሀብታሞች መደብር የሃልስተንን ልብስ ከመደርደሪያው አወረደ። ርካሽ ሱቅ የገባ ስም እኛ ጋ አይሸጥም ማለታቸው ነው። የከፋው ደግሞ ሃልስተን ገና በ1973 የገዛ ስሙን ለኩባንያ ሸጦ ነበር። ኩባንያው ከእጅ ወደ እጅ ሲዘዋወር እሱ በስሙ ከሚጠራው ቤት ውጪ ቀረ። በ1990 ሲሞት በራሱ ስም ልብስ መሥራት አይችልም ነበር። ከሃያ ዓመት በኋላ ላገርፌልድ ያንኑ ነገር ሲያደርግ ግን ተጨበጨበለት። ዕድል ይሉታል አንዳንዶች። እኔ የገበያው መለወጥ ነው እላለሁ፤ እመለስበታለሁ።

አሁን ወደ ጦርነቱ።

ጁን 1 ቀን 1941 የእንግሊዝ መንግሥት ልብስ በኩፖን ይሁን አለ። ፋብሪካው ሁሉ ለወታደር እየሠራ ነው፤ ጨርቅ የለም። ለመጀመሪያው ዓመት ለአንድ ሰው 66 ኩፖን ተሰጠ። (እናቶቻችን የቀበሌ ኩፖን ሲባል ፊታቸው ላይ የሚመጣውን ነገር ታውቃላችሁ፤ የለንደን እናቶችም ያው ናቸው።) የሴት ካፖርት 14 ኩፖን፣ የሱፍ ቀሚስ 11፣ ጫማ 5፣ ስቶኪንግ 2። ደምሩት፤ 32። አንዲት ሴት ይህን ብቻ ገዝታ ከዓመት ድርሻዋ ግማሹ አለቀ ማለት ነው። ገንዘብ ቢኖርም ያለ ኩፖን ዋጋ የለውም። ቁጥሩም በኋላ ቀነሰ።

እንግዲህ እንዲህ ባለ ጊዜ የተገዛ ልብስ ቶሎ ከተቀደደ ወይም ካስጠላ ጉድ ፈላ። ስለዚህ መንግሥት «ዩቲሊቲ» የሚባል የልብስ ዓይነት አወጣ። ጨርቁ ጥራቱ የተመረመረ፣ ዋጋው የተወሰነ፣ ከሽያጭ ግብርም ነፃ የሆነ። አንገቱ ላይ ሲ ሲ 41 የሚል ምልክት ይሰፋበታል፤ ሁለቱ ሲዎች የተቆረሰ ክብ አይብ ስለሚመስሉ ሕዝቡ «አይቦቹ» እያለ ይቀልድባቸው ነበር። በ1942 ደግሞ ኪሱ ስንት ይሁን፣ ቁልፉ ስንት ይሁን፣ ሽንሽኑ ስንት ይሁን የሚል ደንብ መጣ። ትርፍ ጌጥ የለም።

ሴቶች መጀመሪያ ደነገጡ። መንግሥት ዩኒፎርም ሊያለብሰን ነው ብለው። መቼም ቢሮ የነደፈው ቀሚስ ምን እንደሚመስል መገመት አያቅትም! የንግድ ሚኒስቴሩ ሰዎች ግን ያልተጠበቀ ነገር አደረጉ። በዚያው ዓመት የለንደን ታላላቅ ዲዛይነሮች ማኅበር አቋቁመው ነበርና ሄደው እነሱን ጠየቁ፦ በዚህች ጨርቅ፣ በዚህች ቁልፍ፣ ለሁሉም ሴት የሚሆን ልብስ ንደፉልን። ኖርማን ሃርትኔል የንግሥቲቱ ልብስ ሰፊ ነው። ሃርዲ ኤሚስ፣ ዲግቢ ሞርተን፣ ኤድዋርድ ሞሊኑ፣ ሁሉም ባለ ስም ናቸው። እነሱም ካፖርት፣ ጃኬትና ጉርድ፣ የከሰዓት ቀሚስ፣ የሥራ ቀሚስ ነደፉ። ትከሻው ልክ ያለ፣ ወገቡ የገባ፣ ጉርዱ ከጉልበት ትንሽ ዝቅ ያለ። ዛሬ ለንደን ቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ውስጥ የሚገኙትን የእነዚህን ልብሶች ፎቶ ብታዩ፣ ነገ ቢሮ ለብሳችሁ ብትሄዱ ማንም ዞር ብሎ አያያችሁም። ከሰማንያ ዓመት በላይ ሆኗቸዋል እኮ!

እኔን የገረመኝ ደግሞ ልብሱ ላይ የዲዛይነሩ ስም አለመኖሩ ነው። የትኛው ቀሚስ የሃርትኔል፣ የትኛው የኤሚስ እንደሆነ ለገዢዋ አልተነገራትም። የፋብሪካ ሠራተኛዋም የሐኪም ሚስትም ያንኑ ንድፍ ይለብሳሉ፤ ከኋላው አንገት ላይ ያለው ሁለት አይብ ብቻ ነው። አሁን ይህን ከ2004ቱ ሰልፍ ጋር አስተያዩት። እዚያ የተገዛው ስሙ ነበር፣ ሸሚዙ የስሙ መያዣ ነው። እዚህ ስሙ ተደብቆ የተሸጠው ቅዱ ነው።

ራሽኑ እስከ ማርች 1949 ቆየ። ልዕልት ኤልሳቤጥ በ1947 ስታገባ እንኳ ለቀሚሷ ኩፖን ያስፈልጋት ነበር። ሴቶች ከራሳቸው ቆርሰው በፖስታ ላኩላት፤ ኩፖን ማስተላለፍ በሕግ ክልክል ስለነበረ ተመለሰላቸው። ቀሚሱን የሠራው ያው ሃርትኔል ነው።

በዚያው በ1942 ከአትላንቲክ ማዶ ክሌር ማካርዴል የምትባል ሴት አለች። እኔ በበኩሌ ከዚህ ታሪክ ውስጥ አንድ ሰው ምረጪ ብባል እሷን ነው። የምትሠራው ለፓሪስ ሳይሆን ታውንሊ ለሚባል የኒውዮርክ ዝግጁ ልብስ ፋብሪካ ነው። የቤት ሠራተኞች ለተሻለ ደመወዝ ወደ ጦር መሣሪያ ፋብሪካ ስለሄዱ ደህና ኑሮ የነበራቸው ሴቶች ራሳቸው ወጥ ቤት ገብተዋል። ሃርፐርስ ባዛር መጽሔት ለእነዚህ ሴቶች የሚሆን ነገር ቢሠራ ጥሩ ነው አለ። ማካርዴል ከዴኒም (ጂንስ ከሚሠራበት ጨርቅ ማለት ነው) ፊት ለፊት ተደራርቦ የሚታሰር ሰፊ ቀሚስ ሠራች። ትልቅ ኪስ አለው፤ ከጎኑ ደግሞ ድስት የሚያወርዱበት ጓንት ተንጠልጥሎለታል። ስሙ «ፖፕኦቨር»፣ ዋጋው 6 ዶላር ከ95 ሳንቲም። ርካሽ ሊሆን የቻለው እንደ ሥራ ልብስ ስለተመዘገበ ነው። በመጀመሪያው ወቅት 75 ሺህ ተሸጠ። ለዓመታትም ጨርቁን እየቀያየረች መላልሳ አወጣችው።

እንግዲህ ልብ በሉ፤ 75 ሺህ። ሠላሳ ልብስ በሰዓታት አልቆ ሌላው ባዶ እጁን ሲመለስ አይደለም። የፈለገች ሁሉ አገኘች።

ማካርዴል ጫማ በኩፖን ሲሆንባት ደግሞ ካፔዚዮ ወደሚባሉት የባሌ ዳንስ ጫማ ሰሪዎች ሄዳ ጠንካራ ሶል አድርጉበት አለቻቸው። ዛሬ «ፍላት» ብለን በየሱቁ የምንገዛው ጫማ ከመድረክ ወደ መንገድ የወጣበት አንዱ በር ይኸው ነው። በ1958 በካንሰር ስትሞት 52 ዓመቷ ነበር። ስሟን የሚያውቅ ስንት ሰው አለ? የሻኔልን ግን ሕፃን ልጅ ያውቃል። ለነገሩ ሻኔልንም ያለ ስሟ አላነሳሁም፤ በ1926 የአሜሪካው ቮግ ተራ ጥቁር ቀሚሷን ከፎርድ መኪና ጋር ያመሳሰለው ሁሉም የሚለብሰው ይሆናል ብሎ ነበር፣ ሆነም። ልዩነቱ የሻኔል ቅዱ እንጂ ዋጋው ሁሉም ዘንድ አለመድረሱ ነው። ለሁሉም ያደረሱት ኮራጆች ናቸው።

ከጦርነቱ በኋላ ጨርቅ ሲትረፈረፍ «ጥቂት ነገር፣ ሁሉን የሚሆን» የሚለው ሐሳብ ለብዙ ዓመታት ተረሳ። በሰባዎቹ ለንደን ውስጥ ሱዚ ፎ የምትባል ባለ ቡቲክ አነሳችው፤ በ1985 ደግሞ ዶና ካራን በኒውዮርክ «ሰባት ቀላል ልብሶች» ብላ የመጀመሪያ ሥራዋን አቀረበች። ገላ ላይ የሚጣበቅ ቦዲ ከሥር፣ በላዩ የሚጠመጠም ጉርድ፣ ሱሪ፣ ጃኬት፤ እያቀያየሩ ከጠዋት ሥራ እስከ ማታ ራት። ሐሳቡ ከዩቲሊቲው አይለይም። ዋጋው ግን የዩቲሊቲ አልነበረም፤ እሷም ርካሽ የሚባለውን መስመሯን ዲ ኬ ኤን ዋይን ያወጣችው በ1989 ነው።

አሁን ወዳልኳችሁ ገበያ እንመለስ። አሜሪካ ውስጥ ታርጌት የተባለው ሱቅ በ2003 አይዛክ ሚዝራሂን አምጥቶ ርካሽ ልብስ አሠራው፤ በርግዶርፍም እንደ ሃልስተን አላባረረውም፣ እዚያው ውድ ልብሱን ይሸጥለት ነበር። ቀጥሎ ላገርፌልድ መጣ፣ በ2005 ስቴላ ማካርትኒ፣ በ2008 ጃፓናዊቷ ሬይ ካዋኩቦ። በሴፕቴምበር 2011 ሚሶኒ ለታርጌት የሠራው ሲወጣ የሱቁ ድረ ገጽ ተዘጋ፤ በዚያው ቀን ዕቃው ኢንተርኔት ላይ በእጥፍ ይቸበቸብ ነበር። ነጋዴዎች ወርፈውታል ማለት ነው።

ግን ያን ሁሉ ልብስ እንዲህ ርካሽ አድርጎ መስፋት እንዴት ተቻለ? ጃንዋሪ 1 ቀን 2005፣ ማለትም ከካርል ሰልፍ ሁለት ወር እንኳ ሳይሞላ፣ ሀብታም አገሮች ከድሃ አገር በሚገባ ልብስ ላይ ለአሥርት ዓመታት የጣሉት ኮታ በዓለም ንግድ ድርጅት ስምምነት ተነሣ። ከዚያ በኋላ ገዢው ኩባንያ ትዕዛዙን ይዞ ርካሽ እጅ ወዳለበት ይሄዳል፤ ቻይና ሲወደድ ባንግላዴሽ። ኤፕሪል 24 ቀን 2013 ዳካ አጠገብ ራና ፕላዛ የተባለው ሕንፃ ተደርምሶ 1,134 ሰው ሞተ፤ አብዛኞቹ ልብስ የሚሰፉ ወጣት ሴቶች ነበሩ።

በዚያው በ2013 ኤች ኤንድ ኤም ኢትዮጵያ ውስጥ የሙከራ ትዕዛዝ አስገባ። በ2016 የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ተመረቀ፤ የካልቪን ክላይንና የቶሚ ሂልፊገር ባለቤት ፒ ቪ ኤች ዋነኛው ደንበኛ ሆኖ ገባ። ከገጠር የመጡ፣ ዕድሜያቸው የእኛ የሆነ ልጆች ማሽን ላይ ተቀመጡ። በ2019 የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ አጥኚዎች ያወጡት ዘገባ መነሻ ደመወዛቸውን በወር 26 ዶላር ብሎ አስቀመጠው፤ በዓለም ካሉ ልብስ ሰፊዎች ሁሉ ዝቅተኛው። ለቤት ኪራይም ለምግብም ስለማይበቃ ብዙዎቹ ዓመት ሳይሞላቸው ትተው ሄዱ። በኖቬምበር 2021 ፒ ቪ ኤች ፋብሪካውን እዘጋለሁ አለ፤ በጃንዋሪ 2022 አሜሪካ ኢትዮጵያን ከአጎዋ አስወጣች።

ይህን የምጽፈው ርካሽ ልብስ አትግዙ ለማለት አይደለም። በዚህ ደመወዝ ምን ልንገዛ ነው! ነገር ግን የእንግሊዙ ዩቲሊቲ ርካሽ የሆነው ትርፉና ጌጡ ተቀንሶ ነበር፤ የኛ ዘመኑ ርካሽ የሆነው ከሰፊዋ ላይ ተቀንሶ ነው። ሁለቱን «ፋሽን ለሁሉም» ብሎ በአንድ ስም መጥራት ለእኔ አይዋጥልኝም።

ላገርፌልድ በፌብሩዋሪ 2019 አረፈ። ኤች ኤንድ ኤም በ2024 መጨረሻ የትብብሩን ሃያኛ ዓመት ሲያከብር በተመረጡ ከተሞች ባሉ ሱቆቹ የሸጠው አዲስ ልብስ አልነበረም፤ ባለፉት ዓመታት ከዲዛይነሮች ጋር የሠራቸውን ያገለገሉ ልብሶች እንደገና ሰብስቦ ነው። ሰው አሁንም ተሰልፎ ገዛ። እኛ መርካቶ ውስጥ ይህን ዓይነቱን ንግድ ሰልባጅ ነው የምንለው።