10 ለ 0፦ የአልፋስታር ድል ከነቅድመ ሁኔታው

ጃንዋሪ 24 ቀን 2019 የለንደኑ ዲፕማይንድ ኩባንያ በቀጥታ ስርጭት አንድ ትልቅ ውጤት ይፋ አደረገ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። አልፋስታር የተባለው ፕሮግራሙ ስታርክራፍት 2 በተሰኘው የኮምፒውተር ጌም ሁለት ፕሮፌሽናል ተጫዋቾችን በየተራ 5 ለ 0 ረትቷል። ተሸናፊዎቹ በጌሙ ዓለም ቲኤልኦ በሚል ስም የሚታወቀው ጀርመናዊው ዳሪዮ ቩንሽ እና ማና የሚባለው ፖላንዳዊው ግዤጎዥ ኮሚንች ነበሩ። ግጥሚያዎቹ የተካሄዱት ከአንድ ወር በፊት፣ በዲሴምበር 2018፣ በዝግ ነበር፤ ሕዝቡ ያየው ቅጂውን ነው። በድምሩ 10 ለ 0 የሆነው ይህ ውጤት፣ ኮምፒውተር በ1997 በቼዝ፣ በ2016 ደግሞ ጎ በተባለው ጨዋታ ካስመዘገባቸው ድሎች ተርታ ተሰልፎ፣ የሰው ልጅ ስልታዊ አስተሳሰብ የመጨረሻው ምሽግ ተደረመሰ ተብሎ ተወራ። በእኔ እምነት ግን ይህ አነጋገር ታሪኩን ያዛባል። በዚያ ዲሴምበር የተወሰነው ጉዳይ ከማሰብ ይልቅ ወደ ማየትና ወደ መንካት ያደላ ነበር፤ የማሰቡ ጥያቄ በአግባቡ የቀረበው ከዚያ በኋላ ነው።

ነገሩን ለመመዘን ጨዋታው ራሱ ምን እንደሆነ ማወቅ ያስፈልጋል። በዓለም አቀፉ ቼዝ አንዱ ሲያስብ ሌላው ተራውን ይጠብቃል። የእኛ የጥንቱ ሰንጠረዥ ግን መነሻው ላይ ወረራ የሚባል ምዕራፍ አለው፤ የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ ሁለቱም ተጫዋቾች ተራ ሳይጠባበቁ፣ አንዱ የሌላውን አሰላለፍ እያየ፣ እጃቸው የቻለውን ያህል ያንቀሳቅሳሉ። ሪል ታይም ስትራቴጂ የሚባለው የጌም ዓይነት ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ወረራ ነው። ስታርክራፍት ውስጥ ተጫዋቹ በአንድ ጊዜ ማዕድን ያስቆፍራል፣ ሕንፃ ያቆማል፣ ወታደር ያሰለጥናል፣ ይዋጋል። ስክሪኑ ከካርታው ጥቂቱን ብቻ ስለሚያሳይ ዓይኑን ከአንድ ግንባር ወደ ሌላው ማመላለስ ግድ ይለዋል። ሰላይ ካልላከ ደግሞ ጠላቱ ምን እያዘጋጀ እንደሆነ አያውቅም፤ የእሱ ሠራዊት የማያየው ቦታ ሁሉ በጭጋግ የተሸፈነ ነው። ዲፕማይንድ እንዳሰላው በእያንዳንዱ ቅጽበት ሊመረጡ የሚችሉት እርምጃዎች ብዛት 1 ተጽፎ 26 ዜሮ ይከተለዋል። ስለዚህ በዚህ ጨዋታ ብልህ ሐሳብ ብቻውን አይበቃም፤ ሐሳቡን በሰዓቱ የሚፈጽም እጅ ያሻዋል። የእጁ ነገር ክርክሩን ሁሉ የሚወስነው ለዚህ ነው።

የመጀመሪያው ስታርክራፍት በ1998 ሲወጣ ደቡብ ኮሪያ ከከባድ የገንዘብ ቀውስ ገና አልወጣችም ነበር። በየሰፈሩ የተከፈቱት ፒሲ ባንግ የሚባሉ የኮምፒውተር ቤቶች በወጣት ተሞሉ፤ ጥቂት ቆይቶም ጌሙ በቴሌቪዥን የሚተላለፍ፣ ደመወዝተኛ ተጫዋቾች ያሉት ውድድር ሆነ። ተመራማሪዎች ቦት የሚባሉ፣ ጌሙን በራሳቸው የሚጫወቱ ፕሮግራሞቻቸውን ማፋለም የጀመሩት ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። በ2010 በተካሄደው የመጀመሪያው የስታርክራፍት ቦቶች ውድድር ያሸነፈው የበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ቡድን የሠራው ኦቨርማይንድ ነበር። ኃይሉ ያለው ሙታሊስክ የሚባሉ በራሪ ፍጥረታትን መንጋ አድርጎ በመንዳት ላይ ነበር፤ እያንዳንዷን ለየብቻ፣ የሰው ጣት በማይደርስበት ቅልጥፍና ይመራቸዋል። ከቡድኑ አባላት አንዱ በወጣትነቱ በስፔን ስመ ጥር የስታርክራፍት ተጫዋች የነበረው ኦሪዮል ቪንያልስ ነው፤ ከዓመታት በኋላ አልፋስታርን የመራውም እሱ ነው። በ2011 ደግሞ አንድ ቦት ዘርግሊንግ የሚባሉ 100 ተዋጊዎችን በ20 ታንኮች ላይ ሲያዘምት የሚያሳይ ቪዲዮ ተመልካችን አስደመመ። ታንኩ ሲተኩስ ከተመታችው በስተቀር ሁሉም በቅጽበት ይበታተናሉ፤ በሰው እጅ ቢሆን በከንቱ የሚያልቀው ሠራዊት ድል ያደርጋል። ፍጥነት ከልክ ሲያልፍ የጨዋታው ሕግ ራሱ እንደሚለወጥ ከዚያ ቪዲዮ የበለጠ ግልጽ ማስረጃ አላውቅም።

ይሁን እንጂ ፍጥነት ብቻውን እንደማያሸንፍም ተፈትኖ ታይቷል። ኦክቶበር 31 ቀን 2017 በሴኡል ሴጆንግ ዩኒቨርሲቲ፣ ስቶርክ በሚል ስም የሚታወቀው አንጋፋው ኮሪያዊ ተጫዋች ሶንግ ብዩንግ ጉ ከአራት ቦቶች ጋር ተጋጠመ። ከመካከላቸው አንዱ የፌስቡክ ተመራማሪዎች የሠሩት ነበር። ቦቶቹ በደቂቃ በሺዎች የሚቆጠር ትእዛዝ መስጠት ሲችሉ ጎበዝ ሰው የሚሰጠው ጥቂት መቶ ነው። ሶንግ አራቱንም ረታቸው፤ ጠቅላላው ግጥሚያ ግማሽ ሰዓት እንኳ አልፈጀም። የዚያን ጊዜዎቹ ቦቶች በአብዛኛው በፕሮግራመር የተጻፈላቸውን ስልት የሚደግሙ ነበሩና፣ ያልጠበቁት ነገር ሲገጥማቸው ፈጣኑ እጃቸው ምን መሥራት እንዳለበት አያውቅም ነበር።

አልፋስታር ከእነዚያ በብዙ ይለያል፤ ይህን መካድ ፍርደ ገምድልነት ይሆናል። መጀመሪያ ሰዎች የተጫወቷቸውን ግጥሚያዎች ቅጂ አጠና፤ ከዚያ የራሱን ልዩ ልዩ ዝርያዎች ለ14 ቀናት እርስ በርስ አፋለመ። እያንዳንዱ ዝርያ በዚያ ጊዜ ውስጥ ያካበተው ልምድ እስከ 200 ዓመት ከሚደርስ ጨዋታ ጋር ይመጣጠናል። ነገር ግን ለዲሴምበሩ ግጥሚያ ሲቀርብ ሜዳው እኩል አልነበረም። ማናና ቲኤልኦ ካርታውን የሚያዩት በስክሪናቸው ስፋት፣ ቁራጭ በቁራጭ ነው። አልፋስታር ግን ጭጋጉ ያልሸፈነውን ሁሉ ካሜራ ማንቀሳቀስ ሳያስፈልገው በአንድ ጊዜ ያያል። ቲኤልኦ በጌሙ ካሉት ሦስት ወገኖች ዘርግ በተባለው የሚጫወት ሆኖ ሳለ የተጋጠመው ፕሮቶስ በተባለው፣ ዋና ሙያው ባልሆነው ወገን ነው። ከሁሉ ይልቅ ክብደት የምሰጠው ግን በወሬው መካከል ለተዘለለው አንድ እውነታ ነው፦ በአምስቱ ጨዋታዎች ከሰው ፊት የቀረቡት አምስት የተለያዩ ዝርያዎች ነበሩ። አምስት ዙር የሚደረገው ተሸናፊው ከመጀመሪያው ተምሮ በሁለተኛው እንዲያርም ነው። ማና ከአንደኛው ጨዋታ የቀሰመውን ትምህርት በሁለተኛው ሊጠቀምበት ሲል ተቃራኒው ሌላ ሆኖ ይጠብቀዋል። የሰው ባለሙያ ዋነኛ መሣሪያ፣ ማለትም የተቃራኒን ጠባይ አጥንቶ መግቢያ ቀዳዳ ማግኘት፣ ገና ከመነሻው ተነጥቋል።

ከማና ጋር ከተደረጉት ጨዋታዎች መካከል አንዱን ቀረብ ብለን እንመልከተው። አልፋስታር ስቶከር የሚባሉ ተዋጊዎችን በብዛት አሰለፈ፤ ማና ደግሞ የስቶከር ማርከሻ የሆነውን ኢሞርታልን ሠራ። በስልት መጽሐፍ ብንሄድ ትክክለኛውን መልስ የሰጠው ማና ነው። ስቶከር ግን ብሊንክ በተባለ ችሎታ አጭር ርቀት ዘልሎ መሰወር ይችላል። አልፋስታር ሠራዊቱን ከፋፍሎ ማናን ከሦስት አቅጣጫ ከበበው፤ በሦስቱም ግንባር በአንድ ጊዜ፣ ሊሞት የደረሰውን እያንዳንዱን ስቶከር ለይቶ ወደ ኋላ አዘለለው፤ ጉዳት ያልደረሰበትን ወደ ፊት ላከ። አንድ ሰው ይህን በአንድ ግንባር ማድረግ ይችላል፤ ሦስቱ ግንባሮች በአንድ ስክሪን በማይታዩበት ሁኔታ ግን ማንም አይችልም። እዚያ ላይ ማርከሻው ማርከሻ መሆኑ ቀረ። ማና የተሸነፈው ምርጫው ስለተሳሳተ አልነበረም፤ የምርጫውን ዋጋ የሚያሳጣ እጅና ዓይን ስለገጠመው ነው።

ኩባንያው ለዚህ መልስ ነበረው፤ መልሱም ቀላል አይደለም። አልፋስታር በአማካይ በደቂቃ 280 ያህል ትእዛዝ ሲሰጥ ማና 390 ገደማ ይሰጥ ነበር፤ ከማየት እስከ መንቀሳቀስ የሚፈጅበት ጊዜም በአማካይ 350 ሚሊሰከንድ ነው። ትኩረቱን የሚቀያይረውም በደቂቃ 30 ጊዜ ያህል፣ ልክ እንደ ሰው ነው ተብሏል። እንግዲህ ማሽኑ ከሰው ቀርፋፋ ከሆነ ቅሬታው ከየት መጣ? ችግሩ አማካይ በሚለው ቃል ውስጥ ነው። የሰው ተጫዋች ቁጥር እጅን ለማሟሟቅ በሚደረግ ድግግሞሽ የታጨቀ ነው፤ አንዱን ትእዛዝ አራት አምስት ጊዜ ይጫነዋል። የማሽኑ ትእዛዝ ግን ዒላማውን እምብዛም አይስትም። በዚያ ላይ ማሽኑ በጸጥታው ጊዜ ይቆጥብና ውጊያው በሚፋፋምባቸው ሰከንዶች ውስጥ በደቂቃ ከ1,000 በላይ በሚደርስ ፍጥነት ያወርደዋል። ጦርነት የሚወሰነው በእነዚያ ሰከንዶች ነውና አማካዩ የሚያሳየን እምብዛም ነው።

ሌላው ተቃውሞ ሥር የሰደደ ነው። ፍጥነት የማሽን ተፈጥሮ ከሆነ ለምን ይገደባል? ቼዝ የሚጫወት ኮምፒውተርን በሰከንድ ብዙ አታስላ ያለው የለም። ጥያቄው ማን ያሸንፋል ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህ ክርክር ይረታኝ ነበር። ሆኖም ተመራማሪዎቹ ስታርክራፍትን የመረጡት ባልተሟላ መረጃ ማቀድን፣ ሩቅ ማሰብን፣ ግብን ከግብ ማመዛዘንን የሚፈትን ስለሆነ እንደነበር ራሳቸው ተናግረዋል። እጅ ብቻውን ሊያሸንፍበት የሚችል ፈተና እነዚህን አይለካም። ገደቡ የሚያስፈልገው ለሰው ለማዘን ሳይሆን ልኬቱ እንዲለካ የታሰበውን ነገር እንዲለካ ነው።

በዚያው በጃንዋሪ 24 ስርጭት ላይ የሆነው ነገር ይህን ያጠናክራል። ኩባንያው እንደ ሰው ካሜራ እያንቀሳቀሰ የሚያይ አዲስ ዝርያ አቅርቦ ማና በቀጥታ ተጋጠመው። ማና ሁለት ኢሞርታሎችን ዋርፕ ፕሪዝም በሚባል በራሪ ማመላለሻ ጭኖ ከጠላት ሰፈር ጓሮ አወረዳቸው። የአልፋስታር ሠራዊት ለጥቃት ከወጣበት መንገድ በሙሉ ዞሮ ተመለሰ፤ ማና ጭኖ አነሳቸው። ሠራዊቱ ተመልሶ ሲወጣ እንደገና አወረዳቸው፤ ሠራዊቱ እንደገና ዞረ። ጥቂት ተዋጊዎችን ቤት አስቀርቶ መቀጠል በበቃ ነበር፤ አልፋስታር ግን ይህን አላሰበም፤ ማና በተገኘው ፋታ ሠራዊቱን አደራጅቶ አሸነፈ። ይህ ዝርያ የሰለጠነው ለ7 ቀናት ብቻ ስለሆነ ደካማ ነበር የሚሉ አሉ። ዲፕማይንድ ግን በውስጥ መለኪያው ከቀዳሚዎቹ ጋር ተቀራራቢ እንደሆነ ገልጾ ነበር። አንድ ጨዋታ ስለ ጥንካሬ ብዙ አይነግረንም እንበል፤ የአወዳደቁ ዓይነት ግን ይነግረናል። አንድን ማታለያ ደጋግሞ እያየ፣ ይህ ሰው እየተጫወተብኝ ነው ብሎ በጨዋታው መሀል ሐሳቡን የማይለውጥ ተቃራኒ ነበር።

ዶታ 2 በተሰኘው የቅርብ ዘመድ ጌምም ተመሳሳይ ነገር ታይቷል። የኦፕንኤአይ ኩባንያ ቦት በኦገስት 2017 ዴንዲ የተባለውን ዩክሬናዊ ኮከብ አንድ ለአንድ ገጥሞ ረታው፤ ብዙም ሳይቆይ ግን ተጫዋቾች ባልለመደው ስልት እያሳቱ ይጥሉት ጀመር። በአፕሪል 2019 ቡድኑ ኦፕንኤአይ ፋይቭ የዓለም ሻምፒዮኖቹን ኦጂን 2 ለ 0 አሸነፈ፤ ከዚያም ለሕዝብ ተከፍቶ ከተጫወታቸው 7,257 ጨዋታዎች የተሸነፈው 42ቱን ብቻ ነው። ከመቶ በላይ ከሆኑት የጌሙ ጀግኖች ግን የሚጫወተው በ17ቱ ብቻ ነበር። ካሸነፉት ጥቂቶች መካከል ደካማ ጎኑን ካገኙ በኋላ ደጋግመው የረቱት አሉ።

ዲፕማይንድ ትችቱን ሰምቶ ሥራውን ማስተካከሉ ሊመሰገን ይገባል። በኦክቶበር 2019 ኔቸር በተባለው የሳይንስ መጽሔት የቀረበው አልፋስታር በካሜራ ያያል፤ በ5 ሰከንድ ውስጥ ከ22 በላይ የተለያዩ ትእዛዞችን መስጠት አይፈቀድለትም። ስሙን ሰውሮ በአውሮፓ ሰርቨር ላይ ከተራው ተጫዋች ጋር ተፋልሞ በሦስቱም ወገኖች፣ በፕሮቶስ፣ በቴራን እና በዘርግ፣ ግራንድማስተር የተባለውን ደረጃ አገኘ፤ ደረጃ ካላቸው ተጫዋቾች 99.8 በመቶውን በለጠ። በሥልጠናውም ዋናውን ተጫዋች ደካማ ጎን ከማነፍነፍ በቀር ሌላ ሥራ የሌላቸው ዝርያዎች ተመድበው ነበር፤ ማና ያገኘውን ዓይነት ቀዳዳ አስቀድሞ ለመድፈን የሚያስችል አሠራር ነው። እንግዲህ ዘግይቶም ቢሆን ሰው በማሰቡም ተበለጠ የሚለኝ አንባቢ አይጠፋም። ከብዙኃኑ ሰው መብለጡን እቀበላለሁ፤ ከ2018ቱ 10 ለ 0 ይልቅ ትልቁ ስኬት ይህ ነው ብዬም አምናለሁ። ግን መሠረቱ ምን እንደሆነ አይረሳ። ሥልጠናው የተጀመረው ሰዎች ከተጫወቷቸው 971,000 ግጥሚያዎች ቅጂ ነው፤ ተመራማሪዎቹ ይህን የሰው ቅርስ አንስተው ሲሞክሩ ብቃቱ ክፉኛ እንደሚወርድ በዚያው ጽሑፍ ላይ አሳይተዋል። ከሴኡል ፒሲ ባንጎች ጀምሮ ለሃያ ዓመት ያህል በሰው እጅ የተፈተነ የስልት እውቀት በእነዚያ ቅጂዎች ውስጥ አለ።

ስለዚህ የሰውና የማሽን ግጥሚያ ታሪክ ሲጻፍ የዲሴምበር 2018ቱ 10 ለ 0 ከነቅድመ ሁኔታው ይመዝገብ፦ ካርታውን በአንድ ጊዜ የሚያይ ዓይን፣ በውጊያው ሰዓት ከሰው የፈጠነ እጅ፣ በየጨዋታው የሚለዋወጥ ተቃራኒ። የጃንዋሪው የማና ድል ከጎኑ ይጻፍ። የቼዙና የጎው ድል ጎን መሰለፍ የሚገባው ውጤት ካለ የኦክቶበር 2019ኙ ነው።