ከቤተ ሙከራው ኋላ የመጣ ማዕረግ

ኬሚስቱ ፍሪትዝ ሀበር የዶክትሬት ምርምሩን የሠራው በርሊን ሻርሎተንቡርግ በነበረው የቴክኒክ ከፍተኛ ትምህርት ቤት፣ በካርል ሊበርማን ሥር ነው። ዶክተር ያለው ግን ያ ትምህርት ቤት አልነበረም። በ1891 (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የበርሊን ዩኒቨርሲቲ መምህራን ፊት ቀርቦ ተፈተነ፤ መሐንዲሶችን የሚያስተምር ተቋም ማዕረጉን የመስጠት መብት አልነበረውምና። የዙሪክ ፖሊቴክኒክም በ1855 በሩን ቢከፍትም እስከ 1909 ድረስ የራሱን ዶክተር ማስመረቅ አልቻለም፤ ማዕረጉን የፈለገ ተማሪው ወደ ጎረቤቱ ዩኒቨርሲቲ መሄድ ነበረበት። ይህን ያየ ሰው የምህንድስና ትምህርት ቤቶች ከፋብሪካ ሙያ አልፈው ወደ ምርምር የገቡት መብቱ ሲሰጣቸው ነው ብሎ ቢያስብ አይፈረድበትም። የኬሚስትሪ ታሪክ የሚያሳየው ግን ተቃራኒውን ነው። ምርምሩ ከጥንቱ እዚያው ነበር፤ የዘገየው ወረቀቱ ነው።

ማስረጃውን ከራሱ ከሊበርማን ወጣትነት ማግኘት ይቻላል። በ1868 እሱና ካርል ግሬበ በበርሊኑ የሙያ አካዳሚ፣ ማለትም በኋላ ከሕንፃ አካዳሚው ጋር ተዋህዶ የሻርሎተንቡርጉን ትምህርት ቤት በመሠረተው ተቋም፣ በአዶልፍ ፎን ባየር ቤተ ሙከራ ይሠሩ ነበር። የያዙት አሊዛሪንን ነበር፤ ከአንድ ተክል ሥር የሚወጣ፣ ጨርቅ የሚነከርበት ቀይ ማቅለሚያ። ባየር ባስተማራቸው ዘዴ ማቅለሚያውን ከዚንክ ዱቄት ጋር አጋሉት፤ የወጣው አንትራሲን ሆነ፣ ከድንጋይ ከሰል ሬንጅ በብዛት የሚገኝ ነገር። የሞለኪዩሉን አጽም እንዲህ ካወቁ በኋላ መንገዱን ገልብጠው ከአንትራሲን ተነስተው አሊዛሪንን ራሱን ሠሩ። የመጀመሪያው አሠራራቸው ብሮሚን ስለሚፈልግ ውድ ነበር፤ በማግስቱ ዓመት በሰልፈሪክ አሲድ የሚሠራ ርካሽ መንገድ ተገኘ። ደቡብ ፈረንሳይ ተክሉን ያመርቱ የነበሩ ገበሬዎች ገበያቸውን ለማጣት ብዙ ዓመት አልፈጀባቸውም።

ዩኒቨርሲቲዎቹ መብቱ እንዳይሰጥ ያቀረቡት ዋና ክርክር ዶክትሬት ዕውቀትን ለዕውቀትነቱ ለሚሻ ሰው የሚገባ ነው፣ ቴክኒክ ትምህርት ቤት ግን ጥቅምን ያሳድዳል የሚል ነበር። ክርክሩ ተራ ቅናት ብቻ አልነበረም፤ ከገንዘብ ነፃ የሆነ ጥያቄ የሚጠየቅበት ቦታ መኖሩ አስፈላጊ ነው። ነገር ግን አሊዛሪንን ያስገኘው ጥያቄ «እንዴት በርካሽ እናምርተው?» አልነበረም፤ «ይህ ነገር ከምን የተሠራ ነው?» የሚል እንጂ። ከዚህ የጠራ የዩኒቨርሲቲ ጥያቄ ከወዴት ይመጣል? የተጠየቀው ግን የሙያ ትምህርት ቤት ውስጥ ነው።

በ1899 ሻርሎተንቡርግ የመቶኛ ዓመት በዓሉን ሲያከብር ካይዘር ቪልሄልም ሁለተኛ ለፕሩሲያ የቴክኒክ ትምህርት ቤቶች መብቱን ሰጡ። አሰጣጡ ራሱ የጠቡን ምንነት ያጋልጣል። አዲሱ ማዕረግ «ዶክተር ኢንጂነር» ተባለ፤ ከዩኒቨርሲቲዎቹ የላቲን ማዕረግ ጋር እንዳይምታታም በጀርመንኛ እንዲጻፍ ታዘዘ። እጩው አስቀድሞ የዲፕሎም መሐንዲስነትን ፈተና ማለፍ ነበረበት፤ በዩኒቨርሲቲ ግን እንዲህ ያለ ቅድመ ፈተና ግዴታ አልነበረም። ታናሽ የተባለው ወንድም ደጃፍ ከታላቁ ይልቅ ጠበበ። የሚያስፈራው የዕውቀቱ ማነስ ቢሆን ኖሮ የፈተናው መክበድ በበቃ፤ የስሙ መለያየት ግን የክብር ጉዳይ ነው።

ታዲያ ሥራው ያለ ማዕረግም ይሠራ ከነበረ መብቱ ምን ጨመረ ይባል ይሆናል። ተገቢ ጥያቄ ነው፤ መልሱም የሰው ነው። ሊዮፖልድ ሩዚችካ ካርልስሩኤ በሚገኘው የቴክኒክ ትምህርት ቤት ተምሮ፣ ሀበር ራሱ ያስተምርበት በነበረው በዚያው ግቢ በ1910 ከሄርማን ሽታውዲንገር ሥር ዶክትሬቱን ያዘ። ከዚያም የመምህሩ ረዳት ሆኖ ነፍሳት የሚገድለውን የአበባ ዱቄት አብሮት መመርመር ጀመረ፤ በ1912 ተከትሎት ዙሪክ ፖሊቴክኒክ ገባ፣ በ1939ም የኖቤል ሽልማት ተቀበለ። ተማሪውን፣ መምህሩንና ጥያቄውን በአንድ ጣሪያ ሥር ያቆየው መብቱ ነው። ሀበር ግን በጊዜው ማዕረጉን ፍለጋ የሌላ ቤት ደጅ ጠንቷል።

አሜሪካ ውስጥ ተቃውሞው የመጣው ከዩኒቨርሲቲ ሳይሆን ከቤት ነው። ከላይፕዚግ ዶክትሬቱን ይዞ የተመለሰው አርተር ኖይስ በ1903 ቦስተን በነበረው የማሳቹሴትስ ቴክኖሎጂ ተቋም የፊዚካል ኬሚስትሪ ምርምር ቤተ ሙከራ አቋቋመ፤ በ1907 ተቋሙ ከሰጣቸው የመጀመሪያዎቹ ዶክትሬቶች ባለቤቶችም የዚሁ ቤተ ሙከራ ተማሪዎች ነበሩ። ባልደረባው ዊሊያም ዎከር ግን ትምህርት ቤቱ ለኢንዱስትሪ የሚሆን ሰው ያፍራ ባይ ነበር፤ እሱም በ1908 የተግባራዊ ኬሚስትሪ ምርምር ቤተ ሙከራ ከፈተ። (ዎከር የራሱን ዶክትሬት ያገኘው ከጎቲንገን ዩኒቨርሲቲ መሆኑን ልብ ይሏል።) የዎከር ሐሳብ ፋብሪካዎችን እንደጠቀመ አይካድም። ሆኖም ለፋብሪካው የሚበጀው ሰው የሚገኘው የኖይስን መንገድ በመተው ነው ማለት ያስቸግራል። ኖይስ በ1919 መጨረሻ ተቋሙን ትቶ ወደ ካሊፎርኒያ ፓሳዲና ሄደ። እዚያ ካልቴክ በተባለው ትምህርት ቤት በ1920 የመጀመሪያውን ዶክትሬት ያገኘው በማሳቹሴትስ የተማረው ሮስኮ ዲኪንሰን ነው፤ የክሪስታሎችን ቅርጽ በኤክስሬይ ያጠና ኬሚስት። ዲኪንሰን በተራው የመራቸው ሁለት ተማሪዎች የመጀመሪያ ዲግሪያቸው በኬሚካል ምህንድስና ነበር፦ ሊነስ ፖውሊንግ የኬሚካል ትስስርን ምንነት ሲያብራራ፣ አርኖልድ ቤክማን ደግሞ የሎሚ ጭማቂን አሲድነት ለመለካት ሲባል የፒኤች መለኪያውን ሠራ።