ጆን ዴንቨር፣ ጀኔራል ኤሌክትሪክ እና ያ ዘፈን

እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 12 ቀን 1997 ጆን ዴንቨር ራሱ በሚያበራት ትንሽ አውሮፕላን ካሊፎርኒያ ሞንተሬይ ላይ ባሕር ውስጥ ወድቆ ሞተ። ዕለቱ በየዓመቱ ሲመጣ ስሙ ከተራራና ከገጠር መንገድ ጋር ይነሣል። የከተማችንን ስም የራሱ ያደረገው ይህ ዘፋኝ ስለ ኑክሌር ጦርነት እንደዘፈነና ዋጋ እንደከፈለበት የሚያውቅ ግን፣ እዚህ ሞንትቤሎና አውሮራ እንኳ ጥቂት ነው። (ዓመቶቹ ካልተገለጸ በቀር በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የዴንቨር ከተማና ኑክሌር የቆየ ዝምድና አላቸው። ከከተማዋ በስተሰሜን ምዕራብ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ይገኝ የነበረው የሮኪ ፍላትስ ፋብሪካ ከ1952 ጀምሮ የቦምብ እምብርት የሆነውን ፕሉቶኒየም እየቀረጸ ያወጣ ነበር፤ በ1957 እና በ1969 ከባድ ቃጠሎ ደርሶበታል። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ በሎውሪ የአየር ኃይል ሰፈር ሥር 18 ታይታን ሚሳኤሎች ከአውሮራ ወዲያ፣ ከመሬት በታች ተቀምጠው ትእዛዝ ይጠብቁ ነበር። ዛሬ እንጀራችንንና በርበሬያችንን የምንሸምትባት አውሮራ ማለት ነው።

በ1979 ሙዚቃው እስከ ሮኪ ፍላትስ አጥር ድረስ መጣ። በፔንሲልቬንያ የስሪ ማይል አይላንድ የኑክሌር ጣቢያ አደጋ ከደረሰ ልክ በወሩ፣ ኤፕሪል 28 ቀን 15,000 ያህል ሰው በሮኪ ፍላትስ ተሰብስቦ ቦኒ ሬይትና ጃክሰን ብራውን ዘፈኑ። በማግስቱ ከ280 በላይ ሰልፈኞች ታሰሩ። ሁለቱ ዘፋኞች በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር ከጓደኞቻቸው ጋር ኒውዮርክ ማዲሰን ስኩዌር ጋርደን ውስጥ ለአምስት ምሽት የጸረ ኑክሌር ኮንሰርት አዘጋጁ።

ከእነዚህ ሁሉ ግን እኔን የሚይዘኝ የጆን ዴንቨር ታሪክ ነው። የልደት ስሙ ሄንሪ ጆን ዶይቸንዶርፍ ሲሆን፣ በ1943 መጨረሻ ኒው ሜክሲኮ ሮዝዌል ተወለደ። አባቱ የአየር ኃይል መኮንን ነበሩ። ጃንዋሪ 12 ቀን 1961 ከድምፅ እጥፍ ፍጥነት የሚበረውን ቢ-58 አብርረው የዓለም የፍጥነት ክብረ ወሰኖችን ሰበሩ። ቢ-58 የተሠራው ኑክሌር ቦምብ ተሸክሞ ሶቪየት ኅብረት ድረስ እንዲዘልቅ ነው። አባትና ልጅ ለረጅም ጊዜ አልተግባቡም፤ ያስታረቃቸው በኋላ አባትየው ልጃቸውን አውሮፕላን ማብረር ማስተማራቸው ነው።

አባትየው ቦምብ ሊጥሉበት ወደሠለጠኑበት አገር በ1985 ልጅየው ጊታሩን ይዞ ሄደ። ከዚያ በኋላ ከሩሲያዊው ድምፃዊ አሌክሳንደር ግራድስኪ ጋር «እንጀምር» የሚል ዘፈን አወጣ፤ የቅንፍ ርዕሱ መሣሪያ ለምን እንደምንሠራ ይጠይቃል። የዘፈኑ ባለታሪክ የኦክላሆማ ገበሬ ልጅ ነው። አባቱን ኮሪያ፣ የወንድሙን አእምሮ ቬትናም ወስዶበት፣ አሁን ባንክ መሬቱን ሊወስድበት መጥቷል። ዘፈኑ ስለ ሜጋቶንና ስለ ራዲየሽን አይናገርም፤ መሣሪያው ከመፈንዳቱ በፊት ከአንድ ገበሬ ቤት ምን እንደሚወስድ ይቆጥራል። ጉልበቱ ይመስለኛል እዚያ ላይ ነው።

ክርክሩ የሚነሣው ከዚህ ቀጥሎ ነው። ዘፈኑ ያለበት «አንድ ዓለም» የተሰኘው አልበም በ1986 በአርሲኤ በኩል ወጣ። ከ1969 ጀምሮ 17 ዓመት አብሮት የሠራው ይህ ኩባንያ ብዙም ሳይቆይ ተለየው። አንደኛው ወገን ምክንያቱ ገበያ ነው ይላል። እውነት ነው፣ በ1974 እና በ1975 አራት ዘፈኖቹ የአሜሪካን ሰንጠረዥ በአንደኝነት የመሩለት ዘፋኝ በ1980ዎቹ ሽያጩ ወርዶ ነበር። ሌላው ወገን ዘፈኑ አዲሱን ባለቤት አስቆጥቷል ይላል። ጀኔራል ኤሌክትሪክ አርሲኤን ከ6 ቢሊዮን ዶላር በላይ አውጥቶ ጠቅልሎ የያዘው በዚያው በ1986 ነው። በፍሎሪዳ ለኑክሌር ቦምብ ማስጀመሪያ የሚያገለግል የኒውትሮን አመንጪ የሚያመርት ፋብሪካም ያስተዳድር ነበር። በዚያው ዓመት ዕቃውን ላለመግዛት የአድማ ዘመቻ ተጀምሮበታል። እዚህ ላይ ቀኖቹን ማስተያየት ያስፈልጋል። ሽያጩ መውረድ ከጀመረ ዓመታት አልፈው ነበር፤ አርሲኤ ያን ሁሉ ጊዜ ታግሶታል። ትዕግሥቱ ያለቀው ባለቤቱ ሲቀየርና ዘፈኑ ሲወጣ ነው።

ለእኛ ደግሞ የሚቀርብ ሌላ ቅሬታ ነበረው። በእኛ አቆጣጠር በ1977ቱ ረሃብ ጊዜ የአሜሪካ ዘፋኞች ለኢትዮጵያ ተሰብስበው በአንድነት ሲዘፍኑ፣ ጆን ዴንቨር ልግባ ብሎ ጠይቆ አልተቀበሉትም። ስለ ረሃብ ግን ከብዙዎቹ ቀድሞ፣ በፕሬዚዳንት ካርተር የዓለም ረሃብ ኮሚሽን ውስጥ ሠርቷል።

በ1987 ለቼርኖቤል ተጎጂዎች ኪየቭ ላይ ዘፈነ። ሥራዎቹንም ዊንድስታር በተባለው በራሱ አሳታሚ በኩል ማውጣት ቀጠለ።

ሮኪ ፍላትስ በጁን 1989 በኤፍቢአይ ተበርብሮ ምርቱ ቆመ፤ ጽዳቱ በ2005 አልቆ ዛሬ አብዛኛው መሬት የዱር እንስሳት መጠለያ ነው። ሥራው ግን ቦታ ቀይሮ ተመልሷል፤ በኦክቶበር 2024 የሎስ አላሞስ የኑክሌር ቤተ ሙከራ ለጦር ክምችት የሚሆን አዲስ የፕሉቶኒየም እምብርት ሠርቶ አስረክቧል። አውሮራ ውስጥ በበክሊ የጦር ሰፈር የሚታዩት ትልልቅ ነጭ ጉልላቶችም፣ ሚሳኤል ሲወነጨፍ ሳተላይት ስለሚያየው ሙቀት የሚልከውን መረጃ የሚቀበሉ አንቴናዎችን ይሸፍናሉ። በዚህ ጉዳይ አገራችንም ድምፅዋን አሰምታለች፤ ኖቬምበር 24 ቀን 1961 የኑክሌር መሣሪያ መጠቀም የተባበሩት መንግሥታትን ቻርተር ይጥሳል የሚለውን ውሳኔ በ55 ድጋፍ፣ በ20 ተቃውሞ ካስጸደቁት አገሮች ግንባር ቀደሟ ኢትዮጵያ ናት። ከአዲስ አበባ እየመጡ ዴንቨርና አውሮራ ላይ የሚዘፍኑልን ድምፃውያን ይህን አንሥተው አንድ ዘፈን ቢሠሩ፣ አዳራሹን ለመሙላት እኛ አለን።