ከወሊሶ በእግሩ የወጣው ዘፋኝ



በደቡብ እስጳንያ፣ አንዳሉሲያ በሚባለው ክፍል፣ ፍላሜንኮ የሚሉት ዘፈን አለ። አብዝተው የሚዘፍኑት ጂፕሲዎችና ድኾች ስለ ነበሩ፣ ጨዋ የተባለው ሰው በመጠጥ ቤት ሲሰማው እየወደደ በአደባባይ ይንቀው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1922 ዓ.ም. የሙዚቃ ደራሲው ማኑኤል ዴ ፋያና ባለቅኔው ፌዴሪኮ ጋርሲያ ሎርካ ከወዳጆቻቸው ጋር ሆነው በግራናዳ ከተማ የዚህን ዘፈን ውድድር አዘጋጁ። ከተሸለሙት መካከል አንዱ ከሩቅ ቦታ በእግሩ ተጉዞ መጣ የሚባልለት ሽማግሌ ሲሆን፣ ሌላው ገና የ12 ዓመት ልጅ ነበር። ይህም ልጅ በኋላ ማኖሎ ካራኮል ተብሎ ስሙ የገነነው ዘፋኝ ነው። የሁለቱን ታሪክ ባነበብሁ ጊዜ ሐሳቤ ወደ ወሊሶ መንገድ ሄደብኝ፤ ዛሬም የምነግራችሁ በዚያ መንገድ ስለ ተጓዘው ልጅ፣ ስለ ጥላሁን ገሠሠ ነው።

ጥላሁን መስከረም 17 ቀን 1933 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ተወለደ። በኋላም ወሊሶ አያቱ ዘንድ ሆኖ በራስ ጎበና ትምህርት ቤት ተማረ። ዘፈን መውደዱ እየተገለጠ ቢሄድም፣ አያቱ ትምህርቱን እንዲከታተል አጥብቀው ይመክሩት ነበር። በዚህ አያትየውን ልንነቅፋቸው አይገባም። በዚያ ዘመን ፊደል የቈጠረ ልጅ ጸሐፊ ወይም መምህር ይሆናል፤ ደመወዝ ይቈረጥለታል፤ ለቤተ ሰቡም መከታ ይሆናል። «አዝማሪ» የሚለው ቃል ግን ከሙያ ስምነቱ ይልቅ ለስድብ ይውል ነበር። አዝማሪው ለሠርግ ይጠራል፤ ያጫውታል፤ ይሸለማል፤ ዳሩ ግን ልጄን ልዳርልህ የሚለው ሰው ጥቂት ነበር። ይህን ስናገር ከአድማጮቼ ብዙዎቹ በገዛ ቤታቸው የሰሙትን እንደምደግምባቸው አውቃለሁ።

የትምህርት ቤቱ ዲሬክተር የነበሩት ሱዳናዊ ግን የልጁን ስጦታ ተመልክተው ያበረታቱት ነበር። ከዕለታት አንድ ቀንም ኢዮኤል ዮሐንስና ንጋቷ ከልካይ ያሉበት የሀገር ፍቅር ቡድን ትምህርት ቤቱን ጐበኘ። ጥላሁን ምኞቱን ለኢዮኤል ቢገልጽለት፣ አዲስ አበባ እንዲመጣ ነገረው። ልጁም ይህን ቃል እንደ ውል ቈጥሮ፣ ከመቶ ኪሎ ሜትር የሚበልጠውን መንገድ በእግሩ ጀመረው። ቱሉ ቦሎ ላይ ዘመዱ አገኘችውና አሳድራው በማግሥቱ ወደ ወሊሶ ተመለሰ። በአያቱ ቤት ያደረው አንዲት ሌሊት ብቻ ነው። በነጋው በጭነት መኪና ላይ ተሸሽጎ እንደ ገና ወጣ።

የተቀበለው ሀገር ፍቅር በ1927 ዓ.ም. የጠላት ወረራ በተቃረበበት ጊዜ ሕዝቡን በንግግርና በዘፈን ለማነሣሣት የተቋቋመ ማኅበር ነው። በዚህና ይህን በመሰሉ ቦታዎች ዘፋኙ እንደ ማናችንም የወር ደመወዝተኛ ሆነ። ጥላሁን ጥቂት ዓመታት ከሠራ በኋላ ወደ ክቡር ዘበኛ የሙዚቃ ክፍል ተዛወረ። በክራርና በመሰንቆ ይሰማ የነበረው የአገር ዜማ እዚያ በጡሩምባና በሳክስፎን ይታጀብ ነበር። ካራኮልም የጂፕሲውን ዘፈን ከኦርኬስትራ ጋር በመዝፈኑ የጥንቱን ወግ በሚጠብቁት ዘንድ ተነቅፎበታል። እኔ እንደምሰማው ግን ጥላሁን በዚያ ሁሉ የመሣሪያ ድምፅ መካከል ቃሉን አንድ በአንድ አጥርቶ ስለሚያወጣ ዜማው አልጠፋበትም።

ደመወዙ ግን ዕዳም ነበረበት። የጥንቱ አዝማሪ ጌታውን በሰምና ወርቅ ነካ አድርጎ፣ የከፋ እንደ ሆነ መሰንቆውን አንጠልጥሎ ወደ ሌላ ቤት ይሄዳል። የመሥሪያ ቤት ዘፋኝ ያለው ቤት አንድ ነው። ታኅሣሥ 4 ቀን 1953 ዓ.ም. የክቡር ዘበኛ አዛዦች በንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ላይ ሲነሡና ሙከራው ሲከሽፍ፣ ጥላሁንም የዘበኛው ዘፋኝ ነበርና ተይዞ ለጊዜው ታሰረ።

ከተፈታ በኋላ በዛሬው ብሔራዊ ቴአትር ገብቶ ዝናው ከፊተኛው በለጠ። በግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም ፊት ዘፍኗል፤ እርሳቸውም ስጦታውን እንዳያባክን መከሩት። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. ወሎን ረኀብ በጐዳው ጊዜ «ዋይ ዋይ ሲሉ» የተባለው ዘፈኑ የተራቡትን ጩኸት በየቤቱ አሰማ። በአማርኛም በኦሮምኛም ስለ ዘፈነ፣ የሚያለቅስለት ሰው ከአንድ ወገን ብቻ አልነበረም።

ትምህርቱን ጥሎ በጭነት መኪና የወጣው ልጅ በኋላ ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የክብር ዶክትሬት ተቀበለ። በመጨረሻዎቹ ዓመታት በስኳር በሽታ ምክንያት አንድ እግሩን ተቈርጦ በተሽከርካሪ ወንበር ይሄድ ነበር። ሚያዝያ 11 ቀን 2001 ዓ.ም.፣ በትንሣኤ በዓል ዕለት፣ በአዲስ አበባ ዐረፈ። በመንግሥት ሥነ ሥርዓት በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ሲቀበር፣ ሊሰናበተው የወጣው ሕዝብ መንገዱን ሞልቶት ነበር።