ያልተሳካለትን መፈለግ፦ ምርምር በቢዝነስ መጽሐፍ ዝግጅት

የቢዝነስ መጽሐፍ አንባቢ ምክር ፍለጋ ነው የሚገዛው። ምክሩ ደግሞ «ይህን ያደረገ ድርጅት አደገ» ከሚል አባባል ይነሣል። አባባሉ የሚጸናው ያንኑ አድርጎ የወደቀ ድርጅት አለመኖሩ ከተጣራ፣ ካለም የወደቀበት ሰበብ ከታወቀ ነው። የባለ ስኬቶችን ታሪክ መሰብሰብ ቀላል ነው፤ ራሳቸው ደስ ብሏቸው ይናገራሉ። የምርምሩ ከባድ ሥራ ያልተሳካላቸውን ፈልጎ ማግኘቱ ላይ ነው።

በ1982 (ዓመታቱ በተለይ ካልተገለጸ በቀር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ቶም ፒተርስና ሮበርት ዋተርማን «ኢን ሰርች ኦፍ ኤክሰለንስ» በተባለው መጽሐፋቸው 43 የአሜሪካ ኩባንያዎችን በምሳሌነት አቅርበው ስምንት የጋራ ባሕርያትን ዘረዘሩ። ከእነዚህ ጎን ለንጽጽር የቆመ ደካማ ኩባንያ ስላልነበረ፣ ስምንቱ ባሕርያት በወደቁትም ዘንድ ይገኙ እንደሆነ ማወቅ አልተቻለም። በ1984 ቢዝነስ ዊክ መጽሔት ከተመሰገኑት ኩባንያዎች በርካቶቹ ችግር ላይ እንደነበሩ ጻፈ።

ጂም ኮሊንስ በ2001 ያሳተመው «ጉድ ቱ ግሬት» ይህን ጉድለት ለመሙላት ብዙ ደክሟል። 21 ተመራማሪዎች አምስት ዓመት ሠርተውበታል። ከ1,435 ትላልቅ ኩባንያዎች ተነሥተው፣ የአክሲዮናቸው ተመላሽ ለ15 ዓመት ከገበያው አማካይ ሳይበልጥ ቆይቶ በቀጣዮቹ 15 ዓመታት ቢያንስ የገበያው ሦስት እጥፍ የሆነላቸውን 11 ለዩ። ለእያንዳንዱም በዚያው የሥራ ዘርፍ፣ በዚያው ዘመን፣ ተመሳሳይ ዕድል እያለው ያልተነሣ አቻ ፈለጉለት። የንጽጽሩ ጥቅም በክሮገርና በኤ ኤንድ ፒ ታሪክ ጎልቶ ይታያል። ሁለቱም ያረጁ የምግብ ሸቀጥ መደብሮች ነበሩ። ኤ ኤንድ ፒ ደንበኛ የሚፈልገውን ለማወቅ «ጎልደን ኪ» የተሰኘ የሙከራ መደብር ከፈተ፤ በራሱ ስም የሚያመርታቸውን ዕቃዎች ሳይሸጥ አዳዲስ ክፍሎችን ሞከረበት፤ ደንበኞችም ወደዱት። አስተዳደሩ ግን ውጤቱ የሚነግረውን መቀበል ስላልፈለገ መደብሩን ዘጋው። ክሮገርም በሙከራ ያንኑ መልስ አገኘ፤ እርሱ አሮጌ መደብሮቹን አንድ በአንድ ለወጠ ወይም ዘጋ። የክሮገርን ታሪክ ብቻ ያጠና ጸሐፊ «ገበያውን አጥና» የሚል ምክር ይዞ ይወጣ ነበር። አቻው ሲታይ ግን ጥናቱ በሁለቱም ቤት እንደነበረ፣ ልዩነቱም ከጥናቱ በኋላ በተወሰደው እርምጃ ላይ እንደሆነ ይገለጣል።

ያም ሆኖ ከ11ዱ አንዱ ሰርኪት ሲቲ በ2008 ለኪሳራ ሲዳረግ፣ ሌላው ፋኒ ሜይም በዚያው ዓመት በመንግሥት ሞግዚትነት ሥር ወደቀ። ከዚህ የከበደው ጥያቄ ግን ኮሊንስ ስለተጠቀመባቸው የመጽሔት ጽሑፎችና የሥራ አስኪያጅ ትዝታዎች ጥራት የተነሣው ነው። ፊል ሮዘንዝዋይግ በ2007 «ዘ ሄሎ ኢፌክት» በሚል መጽሐፍ እንዳሳየው፣ የመጽሔት ጽሑፍና የሥራ አስኪያጅ ትዝታ ውጤቱ ከታወቀ በኋላ በውጤቱ ይቀለማሉ። የሲስኮ አክሲዮን በ2000 ጣሪያ በነካ ጊዜ ጋዜጠኞች ኩባንያው ደንበኛን ያዳምጣል ብለው አመሰገኑት፤ ዋጋው ሲወድቅ ደንበኛን ችላ ይላል ተባለ። እንዲህ ያለ ምንጭ በሺህ ገጽ ቢከመርም ማስረጃነቱ አይጨምርም። ይህ ትችት ትክክል ነው፤ ኮሊንስ የሰበሰበው የጽሑፍ ብዛትም መልስ አይሆነውም።

መልሱ ውጤቱ ሳይታወቅ በተጻፈ ሰነድ ላይ መሥራት ነው። አልፍሬድ ቻንድለር በ1962 ያሳተመውን «ስትራቴጂ ኤንድ ስትራክቸር»ን ሲያዘጋጅ እንደ ዱፖንትና ጄኔራል ሞተርስ ያሉ ኩባንያዎችን የውስጥ ሰነዶች መርምሯል። በ1997 የታተመው የክሌይተን ክሪስተንሰን «ዘ ኢኖቬተርስ ዳይሌማ» ደግሞ የኮምፒውተር ዲስክ አምራቾችን ያጠናው «ዲስክ ትሬንድ ሪፖርት» ከተባለ ዓመታዊ መዝገብ ነው። መዝገቡ አምራቾቹንና ሞዴሎቻቸውን በየዓመቱ ስለያዘ፣ ከገበያ የጠፉትም ከነሥራቸው ተገኝተዋል።

በኢትዮጵያ የኮሊንስን መንገድ መከተል አይቻልም። የሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያው የተከፈተው በጥር 2017 ዓ.ም. ስለሆነ የ30 ዓመት የአክሲዮን ዋጋ ታሪክ የለም፤ በ1967 ዓ.ም. ትላልቅ የግል ድርጅቶች ሲወረሱም የብዙዎቹ ታሪክ በመካከሉ ተቋርጧል። የአክሲዮን ባንኮች ዓመታዊ የኦዲት ሪፖርት ያወጣሉ። ለአንድ ነጋዴ ቤት ግን ያለው ምንጭ የዱቤ ደብተር፣ የዕቃ አቅራቢ፣ የቀድሞ ሠራተኛ ነው። አቻውም በቅርብ ይገኛል፤ በአንድ ዓመት፣ በአንድ መስመር፣ ተመሳሳይ ሸቀጥ ይዘው ከጀመሩ ሁለት ሱቆች አንዱ ዛሬ የለም። የከሰረን ሰው ስለ ኪሳራው መጠየቅ እንደ ነውር ስለሚታይ፣ ጸሐፊው ስሙን እንደማይጠቅስ አስቀድሞ ቃል መግባትና ደብተሩን ከሰውየው ጋር አብሮ ተቀምጦ ማገላበጥ ይኖርበታል።